ቆቅ ያየችው እና ዳለቻ ያየችው

አንድ ጊዜ፣ ጉም እንደ ቡሉኮ በሚወፍርበት ዘመን፣ ቀጨሞ ሸለቆ በሚባል አገር እንስሳት ጎረቤት ሆነው ይኖሩ ነበር። የዚያን አገር ጉም የዛሬውን ጉም አይታችሁ እንዳትገምቱት። በግ ተደግፋው ታንቀላፋ ነበር። ፍየል ቀንዷን ሰክታበት መንቀል ያቅታትና እስከ እኩለ ቀን እዚያው ተገትራ ትውላለች። ውሸት ነው የሚል ካለ ሄዶ በጓንና ፍየሏን ይጠይቅ፤ ካገኛቸው።

ክረምት ገብቶ ጉሙ ሲወርድ ማንም ከአፍንጫው አልፎ አያይም። ስለዚህ ከበረት ከመውጣቱ በፊት ሁሉም የቆቅን ድምፅ ይጠብቃል። ቆቅ የምትኖረው ከጉሙ በላይ ብቅ ባለ ረጅም አለት ላይ ነው። ንቁ ናት። ቅጠል ሊወድቅ ሲያስብ ትሰማዋለች። በየማለዳው አለቱ ጫፍ ላይ ትቆምና ያየችውን ትናገራለች፤ ያላየችውን አትናገርም። ይህን ልብ በሉልኝ፦ በዚህ ተረት ውስጥ ቆቅ አንድም ቀን አልዋሸችም።

ጩኸቷ ግን ያን ሁሉ ጉም ሰንጥቆ ታች ሲደርስ ተቆራርጦ ነው። ደህና አድርጎ የሚሰማት ከአለቱ ሥር የሚተኛው አባ ሙክት ብቻ ነበር። አባ ሙክት የአገሩ ሽማግሌ ነው። ላቱ ከመክበዱ የተነሣ እሱ ከተነሣ ቆይታ ነው ላቱ የምትነሣው። ቆቅ አንድ ቃል ስትጥል እሱ ያነሣና «ይኸ ማለት እንግዲህ...» ብሎ ይጀምራል፤ አንዱን ቃል ሲዘረዝር ረፋድ ይሆናል። ብዙዎቹ እንስሳት ቆቅን በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም። የሚያምኑት አባ ሙክትን ነው። አባ ሙክት ደግሞ ቆቅን ያምናል። ነገሩ በዚህ ተያይዞ አገሩ ሁሉ በአንድ ወፍ ዓይን ያይ ነበር።

አለቱ ሁለት ፊት አለው። በምሥራቅ በኩል ያለው ወደ መልካው ያያል፤ ወንዙን የሚሻገሩበት፣ ከማዶው ለምለሙ ሣር ያለበት ነው። እዚያ ማዶ አንድ ያረጀ ነብር ይኖራል። በምዕራብ በኩል ያለው ፊት ወደ ገደሉ ያያል። እዚያ አያ ጅቦ ይኖራል፤ ዋሻው አንድ በር ብቻ ነው ያለው።

አያ ጅቦ በዚያ ዘመን በሽማግሌ ፊት ምሎ ከመንደሩ ጋር የታረቀ ነበር። መሐላው «የሞተ እንጂ በሕይወት ያለ አልበላም» የሚል ነው። መሐላውንም ጠብቋል። መጀመሪያ ይገድላል፣ ከዚያ የሞተውን ይበላል። ጉም በወረደ ቁጥር አንድ ጥጃ ወይም አንድ ግልገል ከበረት ይጎድላል። ትራፊውን የምትለቅመው እመት ቀበሮ ናት።

እመት ቀበሮ ግን ትራፊ እየበላች ሐሳብ ያዛት። አንድ ማለዳ ቆቅ አንገቷን ወደ ምዕራብ ያዞረች ቀን ነገር ያበቃል። ይህን ለአያ ጅቦ ብትነግረው መፍትሔው ቀላል ነው አላት። ቆቋን ይበላታል፣ በቃ።

«ብትበላት ዝም ትላለች» አለችው። «አገር ደግሞ ዝምታ ከሰማ ወጥቶ ራሱ ያያል። ተዋት፣ ትጩህ። ወዴት ዞራ እንደምትጮህ ለእኔ ተውልኝ።»

አያ ጅቦ አሰበ። ሲያስብ ጆሮው ይሞቀዋል። «ጩኸት ይበላል እንዴ?» አለ።

«አይበላም። ያበላል እንጂ።»

በማግሥቱ እመት ቀበሮ አለቱ ላይ ወጣችና ቆቅን እጅ ነሣቻት። እንዲህ ያለች ንቁ ወፍ እያለች አገር ምስጋናዋን አለማወቁ እንደሚያሳዝናት ነገረቻት። ዋሺልኝ አላለቻትም፤ ቆቅ እንደማትዋሽ ታውቃለች። ብቻ እኔ ዓይኔ ደካማ ነው፣ በመልካው በኩል አንድ ነገር ያየሁ መሰለኝ፣ እስቲ አንቺ እይልኝ አለቻት። ቆቅ ዞረች። እውነትም በመልካው ጭቃ ላይ ትኩስ የነብር ዳና ታትሟል።

ያ ሽማግሌ ነብር ውኃ ሊጠጣ መውረዱ ነው እንግዲህ። ጥርሱ ካለቀ ዘመን የለውም። እንቁራሪት ነው የሚበላው፤ እሷም ጠንከር ካለች ይቅርታ ጠይቆ ይተዋታል። ዳና ግን ዳና ነው። ቆቅ ያየችውን ጮኸች፦ «ነብር በመልካው! ነብር በመልካው!»

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው እመት ቀበሮ ትመጣለች፤ በየማለዳው ቆቅ የምታየው አታጣም። አንድ ቀን የነብር ፀጉር እሾህ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሌላ ቀን የዛፍ ልጥ በጥፍር ተቧጭሮ፣ ሌላ ቀን ራሱ ነብሩ እየተንቀጠቀጠ ውኃ ሲጠጣ። ሁሉም እውነት ነው። የቆቅ አንገት ወደ ምሥራቅ መዞሩን ከመልመዱ የተነሣ በስተምዕራብ አገር መኖሩን ረሳው።

ታች አባ ሙክት ሥራ በዛበት። «ይኸ ማለት እንግዲህ...» እያለ ከማለዳ እስከ ማታ ነብር ይተነትናል። አገሩ ሌላ ወሬ ጠፋው። ጥጃ ሆዱን ቢቆርጠው ነብር አስቦት ነው ተባለ። ግልገሎች እርስ በርስ ሲጣሉ «ነብር ይብላህ» መባባል ጀመሩ። ነብሩም ከቀን ቀን አደገ። ራሱ ዛሬ ካለፈ የጅራቱ ጫፍ በሳምንቱ ነው የሚያልፈው የሚል ወሬ ወጣ፤ ጅራቱ ሲያልፍ ቆሜ ጠብቄያለሁ የሚልም አልጠፋ።

መልካውን የሚሻገር ጠፋ። ማዶ ያለው ሣር አድጎ አድጎ፣ አርጅቶ፣ ተኛ። ወዲህ ማዶ እንስሳቱ ሥር ከነጭቃው እየጋጡ የጎን አጥንታቸው እንደ አጥር እንጨት ወጣ፤ ቢሆንም በነብር ከመበላት ይሻላል እያሉ አመሰገኑ። በመሐል ግልገል ከበረት ይጎድላል። ማን ወሰደው ብሎ የጠየቀ የለም። ሁሉም የሚጠይቀው ነብሩ ወንዙን እንዴት እንደተሻገረ ብቻ ነበር።

በዚያ አገር ዳለቻ የምትባል አህያ ነበረች። አህያ መንታ አትወልድም የምትሉ፣ ይህችኛዋ ወልዳለች። አንደኛው ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ነውና ቦራ አለችው። ሁለተኛውን፣ ጥቁሩን፣ ጉራች አለችው። ከእነዚህ ልጆች በቀር በዓለም ላይ ምንም የላትም። አህያ ምን ይኖራታል? ጭነቱም የሰው ነው።

አንድ ማለዳ፣ ጉሙ ከወትሮው ወፈር ባለበት፣ ዳለቻ ሁለቱን ከፊቷ አስቀድማ ስትሄድ ጉሙ ተሰነጠቀና አንድ ጥቁር ጥላ ገባ። ቦራ አንድ ጊዜ ጮኸ። ዳለቻ አየች፤ ከአንድ እርምጃ ርቀት ነው ያየችው። የፊት እግሩ ረጅም፣ ወገቡ ወደ ኋላ የወረደ፣ አንገቱ ወፍራም፣ ሽታው የበሰበሰ ቆዳ። ቦራን በአንገቱ አንጠልጥሎ ወደ ምዕራብ ሄደ። ሲሄድም ሳቀ። እንዲያ የሚስቅ አውሬ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው።

በዚያችው ቅጽበት ከላይ የቆቅ ድምፅ መጣ፦ «ነብር በመልካው! ነብር በመልካው!»

ጎረቤት ለለቅሶ ተሰበሰበ። ላሚቱ መጣች፣ በጓ መጣች፣ ጃርት ከጉድጓዱ ወጥቶ ከዳር ተቀመጠ። ሁሉም ነብሩን ረገመ። ዳለቻ ሁሉንም ሰማችና ነብር እንዳልሆነ ነገረቻቸው። ጅብ ነው አለች። በዓይኗ እንዳየችው፣ ወገቡን፣ ሽታውን፣ ሳቁን አንድ በአንድ ተናገረች። ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። ላሚቱ ሐዘን ዓይን ይጋርዳል አለቻት በለሆሳስ። በጓ አባ ሙክትን ልትጠራ ሄደች።

አባ ሙክት መጥቶ ከጎኗ ተቀመጠ። አልተቆጣትም። እንደ አባት ነው የጠየቃት።

«ልጄ፣ ያን ጊዜ ጉም አልነበረም?»

«ነበር፣ አባ።»

«በጉም ውስጥ ደህና አድርጋ የምታየው ማን ናት?»

«ቆቅ ናት።»

«ቆቅ ምን አለች?»

ዳለቻ ጉራችን ወደ ሆዷ ሥር አስጠጋችው። አባ ሙክት ግንባሯን ላሰላትና እግዜር ያጽናሽ ብሏት ሄደ።

ሐዘኑ ሲበዛ ግን አገሩ አውጫጪኝ ይቀመጥ ተባለ። አውጫጪኝ እንዲህ ነው፦ ጥፋት ሲደርስ የአገሩ ነዋሪ ሁሉ ሜዳ ላይ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። አጥፊው ማን እንደሆነ እያንዳንዱ በተራው ይጠየቃል፣ ከታላቅ ወደ ታናሽ። የሁሉም አፍ አንድ እስኪሆን ማንም አይነሣም፣ አይበላም፣ አይጠጣም። እናት ልጇን ማጥባት እንኳ አይፈቀድላትም። አንድ አፍ ከተለየ ጉባኤው እዚያው ያድራል። ጥሩ ሕግ ነው፤ አባቶች ሲያወጡት እውነት ብቻዋን ብትቀር እንኳ አገርን ታስቁም ብለው ነበር።

ያን ቀን ጉሙ ተገፍፎ ፀሐይዋ በረታች። አያ ጅቦም ነዋሪ ነውና ተጠርቶ መጣ። የመጨረሻው እሱ ነበር፤ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ። ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ነው ሜዳው የደረሰው። እመት ቀበሮ ከጎኑ ተቀምጣ ጭራውን በእግሯ ያዘች።

አባ ሙክት ራሱ ጀመረ፦ ነብር ነው። ቀጥሎ ላሚቱ፦ ነብር ነው። ላሚቱ ጥጃዋ በጠፋ ቀን በረቷ አጥር ላይ ሻካራ የጅብ ፀጉር አግኝታ ነበር፤ ለማንም አልነገረችም። ቀጥሎ በጓ፦ ነብር ነው። በጓ በጉሙ መሐል ያን ሳቅ ሰምታ ሌሊቱን ሙሉ ስትንቀጠቀጥ ያደረች ናት። ላሚቱ ነብር ስትል ግን፣ እንግዲህ ሳቁ የሕልም ነበር አለች በሆዷ። ቀጥሎ ጃርት። ጃርት እሾሁ ቆመ፣ ተኛ፣ ደግሞ ቆመ። ግራና ቀኙን አየ። ነብር ነው አለ።

ከዚያ ጉባኤ ውስጥ ስንቱ ጅብ መሆኑን አውቆ ነበር መሰላችሁ? ያላወቀው አባ ሙክት ብቻ ነው፤ እሱም ዓይኑን ሞራ ስለጋረደው። እያንዳንዱ ግን ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ያምን ነበር። አገር ሙሉ ብቸኛ።

የአያ ጅቦ ተራ ደረሰ።

«ነብር ነው» አለ። «ያውም ትንንሹን ነው የሚወደው። አጥንቱ ለጋ ነዋ። ከጆሮው ሥር ሲጀምሩት...»

እመት ቀበሮ ጭራውን ረገጠችው። የዝንብ ክንፍ ተሰማ። ያኔ አንዱ ቢነሣ፣ አንዱ ብቻ ቢነሣ፣ ይህ ተረት እዚህ ላይ አልቆ ሁላችንም ወደ ቤታችን እንሄድ ነበር። አባ ሙክት ግን ጉሮሮውን ጠራረገና አያ ጅቦ ሐዘኑ ብሶበት አፉ ስቶ ነው አለ። አንዱ ሳቀ። ያልሳቁት የሳቀውን አይተው ሳቁ። መጨረሻ ላይ ጅቡ ራሱ ሳቀ፤ ዳለቻም ያን ሳቅ ሰማች። ቦራን ሲወስድ የሳቀው ሳቅ ነበር።

የመጨረሻዋ ተጠያቂ እሷ ናት። አህያ ሁልጊዜ መጨረሻ ናት። ፀሐይዋ ወደ ማዘንበሉ ደርሳለች፤ ግልገሎች በውኃ ጥም ያለቅሳሉ። ጉራች ጡቷን በአፍንጫው እየነካ ለመናት፤ ሕጉ አይፈቅድምና በጉልበቷ ገፋችው። ክቡ ሁሉ አንገቱን ወደ እሷ አዙሯል። አንድ ቃል ብቻ ነው የቀረው። ያን ቃል ካለች ሁሉም ይጠጣል፣ ሁሉም ይገባል። ሌላ ቃል ካለች እዚያው ያድራሉ፤ ልጆቻቸውን ያስጠማች አህያ ትባላለች። አፏን ከፈተች። የጎረቤቶቿን ፊት አንድ በአንድ አየች። ማንም ዓይኑን አልሰበረም።

«ነብር ነው» አለች።

ጉባኤው በእፎይታ ተነፈሰ። ላሚቱ መጥታ አቀፈቻት፣ በጓ አንገቷን ላሰቻት። ከቦራ ሞት ወዲህ ያን ያህል የተወደደችበት ቀን አልነበረም። ይበልጥ የሚያስፈራውን ልንገራችሁ? ቃሉን ከራሷ አፍ ስትሰማው እውነት መሰላት። ምናልባት ወገቡ ያን ያህል የወረደ አልነበረም አለች በልቧ። ምናልባት ጉሙ ነው።

አፍ ሁሉ አንድ ከሆነ በኋላ መላ ተጠየቀ። እመት ቀበሮ አፍራ አፍራ ተነሣችና ትንሽ ሐሳብ አለኝ አለች። የአያ ጅቦ ዋሻ በሩ አንድ ነው፤ ነብር ደግሞ መውጫ የሌለው ቦታ አይወድም። ጉም በሚወርድበት ማለዳ አገሩ ልጁን ይዞ እዚያ ቢገባ፣ አያ ጅቦም በሩ ላይ ቢጠብቅ፣ ከዚህ የበለጠ ምን መጠጊያ አለ? አባ ሙክት «ይኸ ማለት እንግዲህ...» ብሎ አብራራው፤ ሁሉም ወደደው። አያ ጅቦ ዘበኛ ሁን ሲባል እንደ ጨዋ አንድ ጊዜ እምቢ አለ። ሁለተኛ ሲለመን ምራቁ መጣና ፈጥኖ እሺ አለ።

ሲመሻሽ ጃርት ከዳለቻ በረት ኋላ መጥቶ እሾሁን አንኳኳ። ጉራች ጠግቦ ተኝቷል።

«እቴ ዳለቻ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማንም ቢጠይቅሽ ግን እኔ አልጠየቅሁሽም።»

«ጠይቅ።»

«ቦራን የወሰደው... ወገቡ ወደ ኋላ የወረደ ነበር?»

ዳለቻ ጆሮዋ ቆመ። «አንተም አየህ?»

«በጉድጓዴ አፍ ላይ ነው እየጎተተው ያለፈው።»

«ታዲያ ምነው ነብር አልህ?»

«ላሚቱ ነብር ስትል ሰምቼ። ላም አትዋሽም ብዬ። አንቺስ?»

«እኔ አንተ ነብር ስትል ሰምቼ ነው» አለች ዳለቻ።

ሁለቱም ጉሙ ከወንዙ ሲነሣ እያዩ ቆሙ። ጃርት ነገ አትሂጂ አላት። ጉድጓዱን ሊያካፍላት አሰበ፤ ነገር ግን አንገቷ እንኳ አይገባም፣ ጉራች ብቻ ቢገባ ነው። ልጇን ከራሷ መነጠል አልሆነላትም። ብትቀር ደግሞ ከነብሩ ጋር የመከረች ይሏታል፤ ከዚያ ወዲያ ማን በረት ያስጠጋታል፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ማን ይደርስላታል?

«ሁለት ሆነን አገር እንቃወም?» አለችው።

ሁለት እንዳልሆኑ ማን ይንገራቸው? የላሚቱ በረት ከዚያ የድንጋይ ውርወራ ያህል እንኳ አይርቅም። ላሚቱም አልተኛችም ነበር፤ ያን ፀጉር እያሰበች ታመነዥጋለች። አንድ ጊዜ አጥሯን ቢነቀንቁ ይበቃ ነበር። አልነቀነቁም። ጃርት ወደ ጉድጓዱ፣ ዳለቻ ወደ ልጇ ገባች።

ሲነጋ ጉሙ እንደ ታጠበ ሱፍ ሸለቆውን ሞልቶት ነበር። እንስሳቱ አንዱ የአንዱን ጭራ እየተከተለ፣ ልጅ ልጁን በመሐል አድርገው ወደ ገደሉ ወረዱ። ከፊት አባ ሙክት ነው፤ ላቱ እያረፈች ትከተለዋለች። አያ ጅቦ በሩ ላይ ቆሞ ለእያንዳንዱ አንገቱን ሰበር እያደረገ ያስገባል። ለሃጩ ደጃፉን አጥለቅልቆት ስለነበር ግልገሎች አዳለጣቸው። አባ ሙክት ጤዛ ነው አለ።

መጨረሻ የደረሰችው ዳለቻ ናት፤ ጃርት ከጉድጓዱ አልወጣም። ደጃፉ ላይ ጉራች ቀጥ አለ። አፍንጫውን ወደ ድንጋዩ አስጠጋ፣ አሸተተ፣ ደግሞ አሸተተ።

«እማዬ፣ እዚህ ቦራ ቦራ ይሸታል።»

«ዝም በል» አለችው። «ይሰሙናል።»

ይህን ከተናገረች በኋላ የራሷ ድምፅ በጆሮዋ ቀረ። ማን እንዳይሰማት ነው የፈራችው? ያቺን ጥያቄ መልሳ ሳትጨርስ ከላይ፣ ከአለቱ ጫፍ፣ የቆቅ ጩኸት መጣ።

«ነብር ሞተ! ነብር ሞተ!»

እውነቷን ነው። ያ ሽማግሌ ነብር ብርድ አጥንቱ ውስጥ ገብቶ ከዛፍ ሥር ከሞተ ሰንብቷል። እመት ቀበሮ ሬሳውን ያገኘችው ያን ጊዜ ነው፤ ወሬውን ግን እንደ ቅቤ በቀንድ አድርጋ ደብቃ አቆየችው። ለዚህች ማለዳ ነው ያስቀመጠችው። ቆቅን ወስዳ ያሳየችው አገር ሁሉ ዋሻ ሲገባ ነው። ደስታ ከፍርሃት ይልቅ ጆሮ ይደፍናል ብላ ለአያ ጅቦ ነግራው ነበር፤ እሱ ግን አልገባውም፤ አፉን መክፈት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት።

ዋሻው በእልልታ ተናወጠ። ላሚቱ እልል አለች፣ በጓ ዘለለች፣ ግልገሎች ጨፈሩ። አባ ሙክት ከሁሉም በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ይኸ ማለት እንግዲህ...» አለ። ይኸ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ የሰማ የለም። አያ ጅቦ ዳለቻን ከነልጇ ወደ ውስጥ ገፍቶ፣ በሩን በጀርባው ዘግቶ ሥራ የጀመረው ከእሱ ነው። ላቱ ብቻዋን ትንሽ ቆየች፤ እንደ ልማዷ።

«ጅብ ነው!» ብላ ጮኸች ዳለቻ።

በስተኋላ መጣ እንጂ ቃሉስ መጣ። ነገር ግን የሰማት አልነበረም። አጠገቧ የነበሩት እሷም እልል ያለች መሰላቸውና ጨመሩ። ደግማ ጮኸች፣ ደግመው እልል አሉ። ያኔ ዳለቻ መናገሩን ተወችው። ጀርባዋን ሰጥታ አያ ጅቦን በሁለቱም ኮቴዋ መንጋጋው ላይ አገኘችው። ከጥርሶቹ ሁለቱ ወደ ሰማይ ወጡ፤ እስካሁን አልወረዱም። ጅቡ ተንገዳግዶ ከበሩ ሸርተት ሲል ጉራች ብቻ የሚያልፍበት ክፍተት ሆነ።

«ሂድ» አለችው። «ዞረህ አትይ።»

ጉራች በሆዱ ተስቦ ወጣና በጉሙ ውስጥ ሮጠ። እሷ አልተከተለችውም፤ ክፍተቱ ተዘግቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጉሙ ሸፍኖታል፤ እኔም አልገልጠውም። ይህን ብቻ ልንገራችሁ፦ እልልታው በአንድ ጊዜ አልቆመም። አንድ በአንድ ነው የቆመው።

ጉራች የጃርት ጉድጓድ አፍ ላይ ወደቀ። ጃርት በአንገቱ ይዞ ስቦ አስገባው። ልጁ፣ እናቴን ማን ወሰደብኝ ብሎ ጠየቀው። ጃርት ለመጀመሪያ ጊዜ ግራና ቀኝ ሳያይ መለሰ። ዞር ብሎ የሚያየው ፊት በአገሩ አልቀረም ነበር።

«ጅብ ነው» አለው።

በማግሥቱ ቆቅ ከአለቱ ጫፍ ቆማ ወደ ምሥራቅ አየች። ዳና የለም፣ ፀጉር የለም፣ ነብር የለም። «በመልካው ሰላም ነው! በመልካው ሰላም ነው!» ብላ ጮኸች። ይህም እውነት ነው። ከታች «ይኸ ማለት እንግዲህ...» የሚል አልነበረም። ቆቅ ሁሉም ጠግቦ የተኛ መሰላትና ደስ አላት።

አያ ጅቦና እመት ቀበሮ ሥጋ እስኪሰለቻቸው በሉ። እሷ እንደ ወትሮዋ ትራፊውን፣ እሱ የቀረውን ሁሉ። ክረምቱ ሲወጣ ግን ሸለቆው ውስጥ ከአጥንት በቀር ምንም አልቀረም። አጥንቱም አለቀ። አያ ጅቦ በረሃብ ሆዱ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ከዋሻው ደጃፍ ተቀምጦ ረጅም ጊዜ አሰበ። ጆሮው ሞቀው።

«እመት ቀበሮ» አለ፣ «ጩኸት አይበላም ብለሽኝ ነበር።»

«አዎን፣ አይበላም።»

«አንቺስ?»

እመት ቀበሮ ለዚህ ጥያቄ መልስ ታዘጋጅ ነበር፤ ብልጥ ናትና። ግን አያ ጅቦ እያኘከ መልስ የሚሰማ አውሬ አይደለም። ጮኻ ነበር ይባላል። ቆቅ ጩኸቷን ሰምታለች፤ ከምዕራብ በኩል ስለመጣ ግን ዞራ አላየችም።

ጉራች ከጃርት ዘንድ ወጥቶ፣ መልካውን ተሻግሮ፣ ያን ያረጀ ሣር ብቻውን ጋጠ። አደገ፣ ወለደ። እናንተም የልጅ ልጆቹን ታውቋቸዋላችሁ። አህያ ምንም ሳይባል በድንገት ቆሞ፣ አንገቱን ዘርግቶ፣ ጥርሱን ገልጦ ሲያናፋ ድምፁ ያስጠላል ትላላችሁ። ያስጠላል እርግጥ ነው። ስታናፋ የኖረች ዘር አይደለችምና አላማረላትም፤ ዘግይታ ነው የጀመረችው። ነገር ግን አህያ የጅብ ሽታ ከሸተተው ጉም ይኑር አይኑር፣ ጎረቤት ይስማ አይስማ፣ ሌላው ምን አለ ብሎ ሳይጠይቅ ያናፋል። ጉራች ለልጆቹ ያወረሰው ያንን ብቻ ነው፤ ከእናቱ የሰማው የመጨረሻ ጩኸት ያ ነበርና።

ከዚህ የምንማረው፣ ወሬ ነጋሪ ባይዋሽ እንኳ በየትኛው በኩል ዞሮ እንዳላየ መጠየቅን፣ በዓይናችን ያየነውንም የጎረቤት ፊት እስኪፈቅድልን ሳንጠብቅ በጊዜው መናገርን ነው።